አንዴ ብቻ የተጠየቀች ልጅ

ሰው ቤት ሄዶ ምግብ ሲቀርብለት ቶሎ እሺ የሚል ልጅ እኛ አገር አሳዳጊ የበደለው ነው። ጨዋ ልጅ «በልቻለሁ» ይላል። ሆዱ እየጮኸ ይላል። ከዚያ ባለቤቲቱ በሞቴ ትላለች፣ ልጁ አንገቱን ይደፋል፣ በማርያም ትላለች፣ ወደ እናቱ ያያል፣ እናት በዓይኗ ስትፈቅድ ነው እጁ ወደ ሳህኑ የሚሄደው። እናንተም እንዲሁ ነው ያደጋችሁት፣ አትዋሹኝ። ያቺን የእናት ዓይን ስታስታውሱ ዛሬም የምትደነግጡ አላችሁ።

እኔ ይህን ዓይን በሱዳን በኩል አድርጌ ኦሃዮ ድረስ አመጣሁት። ጊዜው በፈረንጆቹ ሰማንያዎቹ አጋማሽ ነው፤ ቤታችን ኮሎምበስ ከተማ፣ ኒር ኢስት ሳይድ የሚባል ሰፈር። ልጄ ሰብለ ስድስት ዓመቷ ነበር። ከትምህርት ቤት ስትመለስ ያገኘችውን ጥርግ አድርጋ ትበላለች፣ እኔም አገሩ ተስማማት ብዬ ደስ ይለኛል። ትምህርት በጀመረች በሁለት ወሯ ግን ከምሠራበት የሆቴል ላውንድሪ ለስልክ ተጠራሁ። የትምህርት ቤቱ ካውንስለር፣ የልጆቹ አማካሪ ማለት ነው፣ ነበረች። ሰብለ ምሳ አትበላም፣ ነገ ከባለቤትሽ ጋር ነይ አለችኝ።

ይህን ሰምቶ መቀመጥ የሚችል ይቀመጥ። ያኔ በሐበሻው መሐል አንድ ወሬ ነበር፦ ልጁን በደንብ ያልያዘ ሰው፣ መንግሥት ልጁን ይወስድበታል። ማን እንደተወሰደበት የሚያውቅ የለም፤ ወሬውን የማያውቅም የለም። በጀርባዬ አዝዬ ድንበር ያሻገርኳትን ልጅ በምሳ ምክንያት ልነጠቅ? ያጠፍኩትን አንሶላ እዘረጋለሁ፣ የዘረጋሁትን መልሼ አጥፋለሁ። ቤት ስገባ፣ ምናልባት መጥተው ከፍተው ያዩ ይሆናል ብዬ ፍሪጁን ሞላሁት። ባለቤቴ ተረጋጊ ይለኛል፣ እሱ ራሱ ያንኑ ጫማ ለሦስተኛ ጊዜ እየጠረገ።

ካውንስለሯ ገና ያልወለደች ወጣት ናት። ቤታችሁ ምግብ አለ ወይ ብላ በትሕትና ጠየቀችን፤ ይበልጥ ያስፈራኝ ትሕትናዋ ነው። እንደነገረችን ከሆነ፣ ምሳ የምታድለው ሴትዮ ሰብለን በየቀኑ ትፈልጊያለሽ ወይ ትላታለች፣ ሰብለ «ኖ ታንክ ዩ» ብላ ታልፋለች። ካውንስለሯ ለምን እንደሆነ እዚያው ፊታችን ልጄን ጠየቀቻት። ሰብለ መጀመሪያ ዓይኔን አየች።

«ሺ ኦንሊ አስክስ ሚ ዋንስ» አለች። የምትጠይቀኝ አንዴ ብቻ ነው ማለቷ ነው።

ሁለት ወር ሙሉ ልጄ በሞቴ የሚላት ሰው ስትጠብቅ ነበር። ካውንስለሯ ነገሩን ባስረዳናት ጊዜ፣ ሲርባት የስ እንድትል አስተምሯት አለችን። ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች ማለት ይሄኔ ነው። ቢሆንም አስተማርናት። ባዶ ሳህን ይዘን፣ ትበያለሽ ወይ እያልን፣ ስንት ቀን ተለማመድን።

ለገና እትዬ አሰለፈች ከከተማው ዳር፣ ሂሊያርድ ከሚባለው ቦታ፣ ቤታቸው ጠሩን። ቀድመውን መጥተው ቤት የገዙ፣ ሁላችንም የምናከብራቸው ሴት ናቸው።

«ልጄ፣ ትበያለሽ?» አሏት።

«የስ» አለች ሰብለ፣ ጥያቄው ሳያልቅ።

ሰዉ ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። ዓይኔን ላክሁባት። በደንብ አይታኝ፣ «ዶሮውንም» አለች።

ሴቶቹ ከንፈራቸውን መጠጡ። ልንወጣ ስንል እትዬ ወደ ኩሽና ጠርተው አንድ ፌስታል ሙሉ ምግብ አስያዙኝ፣ ችግር ካለም እንዳላፍር፣ እሳቸው እያሉ ልጅ እንደማይራብ ነገሩኝ። «ኧረ እትዬ፣ ምንም አልጎደለንም» አልኳቸው። እውነቴን ነበር። ግን እኛ ዘንድ አይ ያለን ሰው ማን ያምናል? በማርያም ብለው ሁለተኛ ፌስታል ጨመሩልኝ።