ክቡርነታቸው የፍለጋ ትእዛዝ ሲያርሙ

ኮምፒውተር ያለበት መሥሪያ ቤት ሁሉ ኮምፒውተሩን የሚያምን፣ ሰውን ግን የሚጠረጥር አንድ ባለሙያ አያጣም። ለእኛ የጋዜጣ ማስታወቂያ ክፍል የደረሱንን "ክቡርነታቸው" እንላቸዋለን። በዕድሜ እበልጣቸዋለሁ፤ እሳቸው "ጋሼ" ይሉኛል፣ እኔ ግን "አንተ" ለማለት አፌ አይደፍርም።

በኢሜይል የሚመጡትን የደስታና የሐዘን መግለጫዎች ለቅሞ ገጹ ላይ የሚደረድረው ፔርል በሚባል የኮምፒውተር ቋንቋ የተጻፈ ፕሮግራም ነው። ምን እንደሚለቅም የሚነግሩትን የፍለጋ ትእዛዞች የምጽፈው ደግሞ እኔ ነኝ፤ እንደ አቅሜ።

"ፔርል ተሳሳተ" ያለ ወየውለት! "ጋሼ፣ ፔርል ምን አጠፋ? ያዘዝከውን ሠራ!" ይሉና ወንበራቸውን እየጎተቱ ይመጣሉ። ነጥብ በፔርል ማንኛውንም ፊደል እንደምትቀበል ረስቼ እንዲሁ ሳስቀምጣት፣ "በሩን ወለል አድርገህ ከፍተህ ዶሮ ገባች ትላለህ?" አሉኝ። ሌላ ጊዜ በነጥብና በኮከብ ምልክት "ከማስታወቂያው መክፈቻ እስከ መዝጊያው ውሰድ" ብዬ ባዘው፣ ፕሮግራሙ እስከ ገጹ የመጨረሻ መዝጊያ ድረስ ሙልጭ አድርጎ ወሰደ። ሙሽሮችና ሟች አንድ ሳጥን ውስጥ ገቡ። "ሆዳም ነዋ! ከኮከቧ ቀጥሎ የጥያቄ ምልክት አድርግለት፣ በመጀመሪያው መዝጊያ ይጠግባል" አሉኝ።

ሻይ ቤት እንኳ አያርፉም። "ሻይ በስኳር" ብዬ ሳዝ፣ "እስከ የት? ካልወሰንክለት ብርጭቆው ስኳር ብቻ ይሆንልሃል" ብለው አስተናጋጇን አሳቁብኝ።

ባለፈው ሳምንት ግን ጉድ ፈላ። የእህቴ ልጅ ልታገባ ነው፤ እህቴ የደስታ መግለጫ ላከች። ገጹ ወደ ማተሚያ ቤት ሊሄድ ጥቂት ሲቀረው ሳየው፣ "እንኳን ለሠርግሽ አበቃሽ" ከሚለው በላይ የተቀመጠው የሟች ጡረተኛ ኮሎኔል ስም ነው! እህቴን አውቃታለሁ፤ ሠርጉን ትታ እኔን ነው የምትቀብረው።

ክቡርነታቸው መጡ። "እህትህ የስሙን መስመር ዘላዋለች። ፔርል ፈልጎ ሲያጣ እጁን አያራግፍም፤ ቀደም ብሎ ያገኘው እዚያው እጁ ላይ ይቀራል። አንተ ደግሞ ማግኘቱን ሳትጠይቅ ተቀበልከው። 'ካገኘህ አምጣ፣ ካጣህ ንገረኝ' በለው!"

እንዳሉኝ ጻፍኩ። ፕሮግራሙም ስም እንደሌለ ተናገረ። የሙሽራዋን ስም ነገርኳቸው፤ ራሳቸው አስገቡት። ከታች "እናትና አባትሽ" የሚለውን አንብበው ቀና አሉ።

"አንተስ የት ገባህ?"

"እኔማ... እህቴ ካልጻፈችኝ ይቅር።"

"ይቅር ካልክ ይቅር" አሉና ገጹን ላኩት።

በማግስቱ እህቴ እያለቀሰች ደወለች። "እኔ ብረሳህም ራስህን ማስገባትህ እሰይ! ልጅቷ ጋዜጣውን አቅፋ ነው የዋለችው!"

ጋዜጣውን ገለጥኩ። "እናትሽ፣ አባትሽና የሚኮራብሽ አጎትሽ" ይላል።

ዞር ብዬ አየኋቸው። ክቡርነታቸው ኮምፒውተራቸው ላይ አቀርቅረዋል።

"ምን ታየኛለህ ጋሼ? የማተሚያ ቤት ሰዎች እንደሆኑ እጃቸው አያርፍም" አሉኝ።