ቦቃ ጥርሱን እስኪጨርስ

እኔ መጠበቅ የሚባል ነገር አልችልም። ድስት ጥጄ እንኳ ፈላ አልፈላ እያልኩ ክዳኑን ስከፍትና ስዘጋ ነው የምውለው። ደንበኞቼ ይህን ሲሰሙ በሳቅ ይፈርሳሉ፤ ምክንያቱም ወልቂጤ ላይ ልብስ ሰፊ ነኝ። «ነገ ነይ» የምትለዋ እኔ ነኝ። ነገ ስትመጡ «ነገ ነይ» የምትላችሁም እኔው ነኝ። ምን ታደርጉታላችሁ? ማስጠበቅ ሌላ፣ መጠበቅ ሌላ።

እና እግዚአብሔር እንደ እኔ ያለችውን ችኩል ሊያስተምር ሲፈልግ ግቢዋ ውስጥ ምን ቢያመጣ ጥሩ ነው? የፈረስ ውርንጭላ!

ነገሩን ከሥሩ ላጫውታችሁ። የባለቤቴ የታምራት አባት፣ አባባ ዘርጋ፣ ከጉብሬ ወዲያ ባለው አገራቸው በፈረስ ላይ ያረጁ ሰው ናቸው። ለቅሶ በፈረስ፣ ሠርግ በፈረስ፣ ገበያ በፈረስ። ጎረቤት እሳት ለመጫር ቢሄዱ እንኳ ኮርቻ ያስጭኑ ነበር እያለ ታምራት ያማቸዋል። ከዚያ ሚስታቸው አረፉ። ዓመት ሳይሞላ ፈረሳቸውም ሞተ። ብቻቸውን መተው ስላልሆነልን ወደ ከተማ አመጣናቸው።

በረንዳችን ላይ ተቀመጡ። ተቀመጡ ስላችሁ ደግሞ ተቀመጡ ነው። የእኔ የስፌት መኪና ከጎናቸው ስለሆነ ደንበኛ ሲመጣ ያያሉ፣ «ነገ ነይ» ስል ይሰማሉ፣ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፤ በቃ። ጉልበታቸው እየተሳሰረ ሄደ። የጤና ጣቢያዋ ነርስ ካልተራመዱ ጭራሽ እንደሚብስባቸው ነገረቻቸው። እኔም «አባባ፣ እስቲ እስከ ሱቁ እንኳ ደርሰው ይመለሱ» እያልኩ መነዝነዝ ሆነ ሥራዬ። መልሳቸው ሁልጊዜ አንድ ነው። «ልጄ፣ በእግሩ የሚሄድ ፈረስ ያጣ ሰው ነው።» ማጣቴን አደባባይ አታውጡብኝ ማለታቸው ነበር፤ እኔ ግን ስንፍና መስሎኝ እናደድ ነበር።

መስቀል ሲደርስ ደግሞ ባሰ። ጉራጌ በመስቀል የት እንደሚገኝ ለእናንተ አይነገርም። እኛ ጴንጤዎች ነን፤ ደመራ አናበራም። ክትፎ ግን ሃይማኖት አይጠይቅምና አገር ቤት እንገባለን። አባባ እምቢ አሉ። መኪና የሚደርሰው እስከ ገበያው ነው፤ ከዚያ ወዲያ እስከ ታላቅ እህታቸው እስከ እማማ ብርነሽ ደጅ ዳገትና ቁልቁለት የሆነ የእግር መንገድ ነው። «በፈረስ ስገባበት በኖርኩት ደጅ እግሬን እየጎተትኩ አልገባም» አሉ። እማማ ብርነሽ ዓይናቸው እየደከመ ነበር። «ወንድሜን ሳላየው ዓይኔ ጨርሶ እንዳይጠፋብኝ» ብለው ላኩባቸው። አባባ መልእክቱን ሰሙ። ያን ቀን እህል አልቀመሱም።

ታምራት የአባቱ ነገር የባሰበት ያኔ ነው። ጎረቤታችን ጀማል ጋሪ ነጂ ነው። ባዝራው የወለደችውን ውርንጭላ ጡት አስጥሎ ሊሸጠው ሲወስድ ታምራት መንገድ ላይ ገዝቶ አስቀረው። ዳማ ነው፣ ቀላ ያለ ቡናማ፤ ግንባሩ ላይ ነጭ ምልክት አለው፤ የቀረው ሁሉ እግር ነው። አባባ ምልክቱን አይተው እዚያው ቦቃ አሉት። እኔ እልል ልል ምንም አልቀረኝ። ይኸው ፈረስ፣ ይኸው አገር ቤት! አባባ የቦቃን ከንፈር ገለጥ አድርገው አዩና «ጥርሱን ቀይሮ ሲጨርስ እወጣበታለሁ» አሉ።

መቼ ነው የሚጨርሰው?

«አምስት ዓመቱን ሲይዝ ነዋ። የእሱ መጥቶ እስኪያልቅ፣ የእኔ ሄዶ እስኪያልቅ፣ መሃል ላይ እንገናኛለን።»

ገና አንድ ዓመት ያልሞላው ፍጥረት ነው እኮ! እኔ የሙሽራ ቀሚስ እንኳ ይህን ያህል አላቆይም።

ከዚያ ሥልጠናው ተጀመረ። ሥልጠና ሲባል አለንጋና ጩኸት የሚመስላችሁ ካላችሁ እኔም እንደናንተው ነበርኩ። አባባ ወንበራቸውን ከበረንዳው አንስተው ግቢው መሃል አስቀመጡ፤ ጀርባቸውን ለቦቃ ሰጥተው ተቀመጡ። አለቀ። ምን እየሠሩ እንደሆነ ብጠይቃቸው «እያሠለጠንኩት» አሉኝ። ቦቃ ከጥግ ሆኖ አያቸው። ሌላ ቀን ጠጋ አለ። ሌላ ቀን ደግሞ መጣና ባርኔጣቸውን ከራሳቸው ላይ አንስቶ ማኘክ ጀመረ። አባባ ሳቁ። እኛ ቤት ከመጡ ወዲህ ሲስቁ ስሰማ ያ የመጀመሪያው ነው። ለፋንድያው ያዘጋጀሁትን ስድብ ሁሉ ውጬ ቀረሁ።

ቀጥሎ አፉ ውስጥ ብረት የሌለበት፣ ከገመድ ብቻ የተሠራ ልባብ አጠለቁለት። ጋማውን ያሻሉ፣ ጆሮውን ይዳስሳሉ፣ ኮቴውን አንስተው መታ መታ ያደርጋሉ። ጀማል በአጥሩ ላይ ብቅ ብሎ «አባባ፣ ሁለት ዓመት ሲሞላው ለኔ ይስጡኝ፤ ጋሪ ላይ አስሬ ባንዴ ሰው አደርገዋለሁ» ይላል። አባባም «አጥንቱ ገና ሊጥ ነው፤ በልጅ ጀርባ አይጫንም» ይሉታል። ጀማል እየሳቀ «ወላሂ ይሄ ፈረስ ከኔ ልጆች የተሻለ ነው የሚያድገው!» ይላል።

አንድ ቀን ደግሞ ከተማ መልመድ አለበት ተባለ። ፈረስ የሚፈራው የማያውቀውን ነውና ባጃጁንም ሚኒባሱንም ማየት አለበት። ማን ያሳየው? ታምራት አስተማሪ ነው፣ ትምህርት ቤት ይውላል። እኔ ከስፌት መኪናዬ አልነሳም። አባባ በአንድ እጃቸው ከዘራ፣ በአንድ እጃቸው ገመድ ይዘው እስከ በራፍ ወጡ። በኋላ እስከ ሱቁ ደረሱ። ያን ሱቅ ታስታውሳላችሁ? እኔ ስለምናቸው የከረምኩበት ሱቅ ነው! ሰንበት ብሎ እስከ ጅማ መንገድ ሆነ። አንዱ ባጃጅ ጆሯቸው ሥር ጥሩምባውን ሲያምባርቀው ቦቃ ተንቀጥቅጦ ቆመ። አባባም አብረውት ቆሙ። አልጎተቱት፣ አልተቆጡት። «እስኪበቃህ እየው» አሉት።

አንድ ስህተት ግን ነበር። አባባ ሰው ይወዳሉ። የኛ ሰላምታ ደግሞ ታውቁታላችሁ፤ ልጆቹ፣ ከብቱ፣ እንሰቱ፣ ዝናቡ ሳይጠየቅ አያልቅም። ለሙስሊሙ «አሰላሙ አለይኩም»፣ ለቤተ ክርስቲያን ሰው «ተባረክ»፣ ለቢሮ ሠራተኛው «ጤና ይስጥልኝ» እያሉ በየሰዉ ፊት ይቆማሉ። ቦቃ ታዲያ ከሁሉም ትምህርት ይሄኛው ገባው። ሰላምታ ማለት መቆም ነው! ገመዱን ባይዙት እንኳ ሰላምታ ከሰማ ይቆማል፤ እስኪያልቅም አይነቃነቅም። አንድ ጊዜ አንድ ሰው ከማዶ «አባባ ዘርጋ፣ እንደምን ዋሉ!» ብሎ ጮኸና ቦቃ አስፋልት መሃል ቀጥ አለ። ሚኒባሱ ከነተሳፋሪው እንሰቱና ከብቱ ተጠይቀው እስኪያልቁ ጠበቀ። ይህን አመል ያስተውት ብላቸው አባባ «ሰላምታ የሚያውቅ ፈረስ የት ይገኛል?» አሉኝ።

መስቀል መጣ፣ ሄደ። ደግሞ መጣ። ቦቃ ቁመቱ እኔን አለፈ። አላስችል አለኝና ተናገርኩ። አባባ፣ ዘንድሮ ይውጡበት፤ እማማ ብርነሽ እስከ ከርሞ እንደሚቆዩ ማን ዋስ ሆነ? አባባ የቦቃን ጀርባ ዳበስ አደረጉ። «እህቴን ጌታ ያቆይልኛል» አሉ። «የዚህን ልጅ ጀርባ ግን ለእኔ ነው አደራ የሰጠኝ።» አንጀቴን በሉት። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባል የለ፤ እኔ ግን እንቁላሉ ሳይሄድ እማማ ብርነሽ እንዳይሄዱ ፈራሁ።

ጌታም አቆየልን፤ ጥርሱም ተቀይሮ አለቀ። በመጨረሻው ዓመት፣ መጀመሪያ ባዶ ጆንያ፣ ከዚያ ትንሽ ፉርሽካ ያለበት፣ ከዚያ ኮርቻ ጀርባው ላይ አኖሩበት። ጀማል ግቢ ውስጥ ወጣበት፤ ቦቃ ጆሮውን እንኳ አላነቃነቀም። እኔም ድርሻዬን አልረሳሁም፤ ከመዘምራን ልብስ በተረፈኝ ቀይ ጨርቅ ኮርቻው ላይ የሚደረበውን ግላስ ሰፋሁለት። ቦቃ ያን ለብሶ ሲቆም የሚቀረው መዝሙር መጀመር ብቻ ነበር።

ለመስቀል ጀማል ቦቃን ቀድሞ ገበያው ድረስ አደረሰልን፤ እኛ በመኪና ተከተልን። እኔ አዲስ ባለተረከዝ ጫማዬን አድርጌያለሁ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች፤ ሳልለካ የገዛሁት ነው። አባባ እግራቸውን እርካቡ ላይ አኖሩ። እኔና ታምራት ትንፋሻችንን ዋጥን። ይህን ጊዜ «ዘርጋ! አንተ ነህ?» የሚል ድምፅ መጣ። እግራቸውን አወረዱና ተሳሳሙ። ደግመው እግራቸውን ሲያነሱ ሌላ ሰው። ደግመው ሲያነሱ ሌላ። በመጨረሻ «እስቲ ትንሽ ይሟሟቅ» አሉና ገመዱን ይዘው በእግራቸው ጉዞ ጀመሩ።

የመጀመሪያውን ዳገት ሳንጨርስ ተረከዜ ተላጠ። ታምራት ቅቤውንና ጓዙን ተሸክሟል። አባባ ዞር ብለው ሳነክስ አዩኝ። «ነይ ውጪ» አሉኝ። እኔ? አማቷ በእግራቸው እየሄዱ በፈረስ የምትሄድ ምራት የት አገር አለች? እምቢ አልኩ። ተረከዜ ግን እሺ አለ።

ይጋለብ፣ ይጋለብ ስል የኖርኩት ሴት ወጣሁ እንግዲህ። መጋለብ ብሎ ዝም! መንገዱ ከየከተማው በመጣ ሰው ሞልቷል፤ ቦቃ በያንዳንዱ ፊት ይቆማል። ሰዉ አባባን ይስማል፣ ሁሉንም ይጠይቃል፣ ከዚያ ቀና ብሎ እኔን ያያል። «ምነው፣ አሟታል?» ይላል። አባባም «የለም፣ ምራቴ ናት» ይላሉ፤ መልስ ሆነና! ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። አንገቴን ብደፋ ጉልበቴ አጠገብ አንድ ነገር ከኮርቻው ጋር ታስሮ አየሁ። የአባባ ከዘራ ነው። ከፊቴ ያለውን ዳገት ያለ ከዘራ፣ እያወሩ፣ እየሳቁ ይወጡታል። እንባዬ መጣ። የጫማው ነው ብዬ ለታምራት ዋሸሁት።

እማማ ብርነሽ ደጃቸው ላይ ነበሩ። በደከመ ዓይናቸው ቀይ የለበሰ ፈረስና ላዩ ላይ የተቀመጠ ሰው ታያቸው። «እልልል! ወንድሜ በፈረሱ መጣልኝ!» ብለው ሮጠው ጉልበቴን አቅፈው ሳሙት። ከዚያ ዳሰስ ዳሰስ አደረጉኝና «ከተማው ተስማማህ፤ እንዴት ወፍረሃል!» አሉ።

«እቴቴ፣ እኔ ታች ነኝ» አሉ አባባ።

ተላቀሱ። እማማ ብርነሽ የአባባን ፊት በእጃቸው ዳሰሱ፤ ጎንበስ ብለው ጉልበታቸውንም ዳሰሱ። «ፈረስ እያለህ በእግርህ መጣህ?» አሏቸው።

አባባ ምን ቢሉ ጥሩ ነው? «በፈረስ የሚሄድ እግር ያጣ ሰው ነው።»

ይህ ሁሉ ሲሆን እኔ ኮርቻው ላይ ነኝ። ሰላምታው አላለቀም፤ ቦቃም አልተነቃነቀም። መውረድ ደግሞ ማንም አላስተማረኝም። አላስችል ሲለኝ «አባባ፣ ያውርዱኝ እንጂ!» ብዬ ጮህኩ።

አባባ የእህታቸውን እጅ እንደያዙ ቀና ብለው አዩኝ።

«ነገ ነይ» አሉኝ።