ወይዘሮ ኦስላ ሻል የወጠሩበት ዘመቻ

ንጽሕፍ ዜና ገድላ ለወይዘሮ ኦስላ። በሼትላንድ ደሴቶች ሰሜናዊ ጫፍ፣ በኡንስት፣ ጥቁሩ አውራ በግ አጥር መዝለል ከጀመረ በሦስተኛው ዓመት፣ ዘመነ ድንች አልፎ ዘመነ ጎመን በገባ በአሥራ አንደኛው ቀን፣ ዕለቱም ቅዳሜ ሲሆን፣ ሞአት ኦስላ እንተ እምነገደ ኖሎት፣ የሦስት መርፌ እመቤት፣ የጉልበት ቁርጥማት ድል አድራጊ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ የሠሩትን የሱፍ ሻል ከመርፌ አወረዱ። ሻሉም በማግስቱ ክርስትና ለምትነሣው ለልጅ ልጃቸው ለሩና ነበር።

ነገር ግን ከመርፌ የወረደ ሻል ገና ሻል አይደለም፤ የተቀቀለ ጎመን ይመስላል። ታጥቦ፣ እርጥብ እንዳለ የጠርዙ ጥርሶች በክር ታስረው በእንጨት መወጠሪያ ላይ ተወጥሮ ሲደርቅ ነው ዳንቴልነቱ የሚገለጠው። በመንደሩ የነበረው መወጠሪያ አንድ ብቻ ሲሆን፣ እርሱም በባላቸው እኅት በጊርዚ እጅ ነበር። ጊርዚም የራሷን ሻል ወጥራበት ነበርና፣ በሱቁ ደጃፍ ሕዝብ በተሰበሰበበት እንዲህ ስትል አዋጅ አስነገረች፦

«የኦስላ እጅ ደክሟል፣ እናንተዬ። እንኳን ሻል መጥበሻም አይዝላትም። ልጅቷ ክርስትና በኔ ሻል ትነሣለች።»

ይህ ነገር በጆሯቸው በደረሰ ጊዜ ኦስላ እጅግ ተቆጡ። እውነቱን ለመጻፍ፣ ከቁጣው ፍርሃቱ ይብስ ነበር፤ ጣቶቻቸው እያበጡ እንደመጡ ከራሳቸው በቀር ማንም አያውቅም ነበርና። ወዲያው ክተት አወጁ፦

«ላውሪ፣ ተነስ ከዚያ ወንበር! አራቱን መቅዘፊያ አምጣ። መወጠሪያ አጣሁ ብዬ እጄን አጣጥፌ አልቀመጥም።»

የዘመቱትም እነዚህ ናቸው፦ ፊታውራሪ ላውሪ፣ ባላቸው፣ አርባ ዓመት በጀልባ ዓሣ ያጠመደ፣ ከጡረታ ወዲህ ግን ወንበር ብቻ የሚጠብቅ፤ ግራዝማች ውሻው፣ እርሱም ገና ከደጅ ሳይወጣ የከዳ፤ ስማቸው ያልተመዘገበ ሰባት ዶሮዎች። ቀኛዝማች ድመቷ ቤት ለመጠበቅ ቀረች፤ ማለትም ተኛች።

ወእምዝ ኦስላ ከኮረብታው ላይ ባለው ግቢያቸው ሻሉን ለብ ባለ ውሃ አጥበው፣ በፎጣ ጠቅልለው ረግጠው ውሃውን አወጡ፤ ፊታውራሪውም መቅዘፊያዎቹን አራት ማዕዘን አድርጎ ጠፈራቸው፤ መቶ ሃያዎቹንም ጥርሶች ኦስላ አንድ በአንድ በክር ሲያስሩ፣ በሰማንያኛው ላይ ጣታቸው አልታዘዝ ቢል ክሩን በአፋቸው ነክሰው ሳቡት። እስከዚህ ድረስ ሁሉ መልካም ነበር።

የላውሪ ጥፋት ከዚህ በኋላ ነው። ሌላ ሰው ቢሆን መወጠሪያውን ከግድግዳ ጥግ ያስደግፈው ነበር፤ እርሱ ግን አርባ ዓመት ሸራ የዘረጋ ሰው ነውና፣ እጁ በልማዱ ሻሉን አቁሞ ፊቱን ለነፋስ ሰጠው። ወኮነ ዓቢይ ነፋስ። ሻሉም ተነፋ፤ ላውሪም መቅዘፊያውን እንደጨበጠ ቁልቁል ሄደ፤ ዶሮዎቹን በተነ፤ ቦዩን ሳይረግጥ ተሻገረ፤ ልልቀቀው ወይ እያለም ወደ ኋላው ጮኸ። ኦስላም ከኮረብታው ላይ ፈረዱ፦

«ብትለቀው እራትህን ከበጎቹ ጋር ትበላታለህ!»

ስለዚህ አልለቀቀም። በመጨረሻም ከጊርዚ የጎመን ማሳ ገብቶ ከድንጋይ አጥሯ ጋር ተላተመ። ጊርዚ ልትስቅ ወጣች፤ ነገር ግን ሻሉ በእርሷና በፀሐይ መካከል ቆሞ፣ ክሩ አንድም ሳይበጠስ፣ ጥለቱ ሁሉ ወለል ብሎ ታየ። ጥርሶቹን አንድ በአንድ ቆጠረች። የላሉ ሁለት አግኝታ አጥብቃ አሰረችና ሰላምታ ሳትሰጥ ቤቷ ገባች።

እሑድ በቤተ ክርስቲያን ሩና በኦስላ ሻል ተጠቅልላ መጣች፤ ሰውም ሁሉ አደነቀ። ጊርዚ ግን ለክፉም ለደጉም ብላ የራሷን ሻል በከረጢት ይዛ ነበር። ቄሱ በሕፃኗ ራስ ላይ ውሃ ባፈሰሱ ጊዜ ሩናም በበኩሏ ከታች አፈሰሰች፤ ያውም ብዙ። ሻሉ ረጠበ፤ ተኮማተረ፤ የሁለት ዓመት ሥራ በሰው ሁሉ ፊት እንደገና ጎመን ሆነ። ሕዝቡ ዞሮ ኦስላን አየ። የሕፃኗ እናት አፍራ ልትገልጣት ስትል፣ ኦስላ ባበጡት ጣቶቻቸው ሻሉን መልሰው ጠቀለሉባትና የመጨረሻውን አዋጅ አወጁ፦

«ተዪያት፣ ልጄ። የሷ ነው፤ እንደፈለገች ታርጥበው። እጅ አለኝ፣ እንደገና እወጥረዋለሁ።»

ጊርዚም ከረጢቷን በእግሯ ወደ አግዳሚው ሥር ገፋችው።

ለኦስላ ክብር ይሁን፣ ነፋስን ላስገበሩ፣ ባልን ላስሮጡ፣ የባል እኅትን ዝም ላሰኙ፤ ለአንዲት ሕፃን ብቻ ለተሸነፉ፣ በመሸነፋቸውም ደስ ላላቸው። ወአልቦ ዘይመስላ።