የጋሽ ተረፈ ሦስት መቶ ግራም

ማተሚያ ቤት ባለበት ከተማ ሁሉ፣ ማሽን ሳይነካ ሙያውን የተካነ አንድ ሰው አይጠፋም። ለሆሳዕና የደረሷት ክቡር አቶ ተረፈ ናቸው። ጡረታ የወጡ የሒሳብ መምህር ሲሆኑ፣ አንድ ጊዜ አዲስ አበባ ማተሚያ ቤት ወረፋ ሲጠብቁ ውለው የሙያውን ቃላት ሁሉ ለቃቅመው ተመለሱ።

እኔ መናኸሪያው አጠገብ ባለው ማተሚያ ቤት የታተመውን እቆርጣለሁ፣ አጥፋለሁ፣ እጠርዛለሁ። በዚህ ሥራ አሥራ ስድስት ዓመቴ ነው፤ ወገቤ ይመስክር። ጋሽ ተረፈ ግን ይበልጡኛል። ወረቀት ካዩ በሁለት ጣት አሸት ያደርጉና "ግራሙ ስንት ነው?" ይላሉ፤ የወረቀቱን ውፍረት መጠየቃቸው ነው። የእድር ደረሰኝ ላይ ብለዋል። የአውቶቡስ ትኬት ላይ ብለዋል። ቤተ ክርስቲያን ሰው ዓይኑን ጨፍኖ ሲጸልይ፣ የመዝሙሩን ወረቀት አሽተው "ይሄ ሰማንያም አይሞላም" ብለው ጎረቤታቸውን አስደንግጠዋል።

ልጃቸው ሊያ ልታገባ ሆነና ሦስት መቶ የጥሪ ካርድ አዘዙ። ካርዱ በዚያው ቀን በዘጠኝ ሰዓቱ መኪና ዳምቦያ ላሉት አማቾች መድረስ አለበት፤ ከዘገየ "ናቁን" ይላሉ።

ዲዛይን የሚሠራው አጵሎስ ናሙናውን ሲያሳያቸው ማስመሪያ አወጡ።

"የታችኛው መስመር ለመቁረጫው ቀርቧል። ቢላው ይበላዋል፤ አንሣው!"

አነሣው። ጋሽ ተረፈ ጠርዙን ለኩ፣ ወረቀቱን አሽተው "ልክ ሦስት መቶ ግራም!" አሉ፣ እንደ ሚኒስትር ፈረሙ። ታተመ።

እኔ ትምህርቴን ያቆምኩት ከስድስተኛ ክፍል ነው። በጣቴ እየተከተልኩ፣ ቀስ ብዬ ነው የማነበው፤ የማጥፈውን ግን ሳላነብ አላልፍም። የመጀመሪያውን ካርድ አነበብኩ። ደገምኩት።

"ጋሽ ተረፈ፣ ሰርጉ መቼ ነው?"

"ጥር አሥራ ስድስት ነዋ! አንቺም ተጠርተሻል እኮ።"

"ካርዱ ላይ የለም።"

ቀኑ የነበረው አጵሎስ ባነሣው መስመር ላይ ነው፤ ከፍ አድርጎ መልሶ ማስቀመጡን ረስቷል። ጋሽ ተረፈ ወንበር ፈለጉ።

"ሦስት መቶ ሰው ጠርቼ ቀኑን ደበቅኩት!"

ሰዓቱ ስድስት ተኩል ሆኗል፤ የካርዱ ወረቀት ደግሞ አልቋል። ቀኑን በወርቃማ ወረቀት አሳትሜ፣ በቀጭኑ ቆርጬ፣ ሙጫ አቀረብኩላቸው። ጎን ለጎን ተቀምጠን ለጠፍን። በኋላ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣

"እታለም፣ ይሄ በሙያው ምን ይባላል?"

"መለጠፍ ይባላል፣ ጋሼ።"

ካርዱ መናኸሪያ የደረሰው ሹፌሩ ሞተር አስነሥቶ ሳለ ነው።

በሰርጉ ዕለት ጋሽ ተረፈ ከጠረጴዛ ጠረጴዛ እየዞሩ "ቀኑ በእጅ የተለጠፈ ነው፤ ማሽን አይችለውም!" ሲሉ ሰማኋቸው። ከዚያ ወዲህ ሴት ልጅ የሚድር ሁሉ "እንደ ጋሽ ተረፈ ይለጠፍልኝ" ይላል። ጣቴ ከሙጫ አልላቀቅ ብሏል። ጋሽ ተረፈን እረግማቸዋለሁ።

የእኔ ካርድ ግን ሣጥኔ ውስጥ አለ። ፖስታው ላይ በአስተማሪ እጅ ጽሑፍ "ለባለሙያዋ ለወይዘሮ እታለም" ይላል። እንደዚያ ብሎ የጠራኝ ሰው አልነበረም። አንዳንዴ አወጣውና በሁለት ጣቴ አሸት አደርገዋለሁ። ልክ ሦስት መቶ ግራም ነው።