የክቡር አቶ አይጣልም ባለመስኮት ካሴት

በእያንዳንዱ ሕንፃ ውስጥ የሞተ ዕቃ የማይቀብር አንድ ሰው አለ። ሕንፃው ሲሠራ ከበሩና ከመስኮቱ ጋር አብሮ የተገጠመ ይመስለኛል። እናንተም ጋ አለ። እኛ ጋ የለም የሚል ካለ፣ ሰውየው ራሱ ሊሆን ስለሚችል ቤቱን ይፈትሽ።

የእኛው ክቡር አቶ አይጣልም ይባላሉ። እናታቸው ያወጡላቸው ስም እርግጥ ሌላ ነው፤ ይህኛውን ያወጣንላቸው ጎረቤቶቻቸው ነን። ሠላሳ አምስት ዓመት ስልክ ሲጠግኑ ኖረው ጡረታ ወጥተዋል፤ የወጡት ግን ከመሥሪያ ቤቱ እንጂ ከጥገናው አይደለም። እጀታው የተሰበረ ኩባያ ወይም ድምፁ የተዘጋ ሬዲዮ ይዛችሁ ወደ ቆሻሻ ገንዳው ስትወርዱ ደረጃው ላይ ይጠብቋችኋል። ዕቃውን ከእጃችሁ ይቀበሉና እንደ ሐኪም ያገላብጡታል። ከዚያ ፍርድ ይሰጣሉ።

"ይሄ አይጣልም።"

አንድ ቀን እኔ የያዝኩት የተጨማደደ ወረቀት ብቻ ነበር፤ ለጋዜጣ ልጽፍ ስሞክር ያበላሸሁት።

"ይሄ እንኳ ይጣላል፣ ጋሼ" አልኳቸው።

ገለበጡት። "ጀርባው ንጹሕ ነው እኮ።"

ይዘውት ወጡ። ባለቤታቸው እንደነገሩኝ፣ የተጨማደደ ወረቀት ሲያገኙ በልብስ ካውያ ተኩሰው ያቃኑታል። ይህን ያህል ክብር የእኔ ሸሚዝ እንኳ አግኝቶ አያውቅም።

የክቡርነታቸው ዋና ግዛት ግን የድሮ ኮምፒዩተርና የጌም ካሴት ነው። ካሴት ስል ዘፈን የሚሰማበትን ማለቴ አይደለም። በልጅነታችን ማሽኑ ላይ የምንሰካው፣ አልሠራ ሲል አፋችን እስኪደርቅ እፍ የምንልበት የፕላስቲክ ሳጥን ነው። ኮምፒዩተሩም የዛሬው ዓይነት አይደለም፤ ሆድ ዕቃው ሁሉ ኪቦርዱ ውስጥ የታጨቀ፣ ቴሌቪዥን ካላበደሩት የሚያሳየው ነገር የሌለው ሽማግሌ ነው። ክቡርነታቸው የአንድ የእግር ኳስ ጨዋታ ካሴት ብቻ አሥራ አራት አላቸው፤ አሥራ አራቱም አንድ ዓይነት። ቁጥሩን እንዴት ይህን ያህል እንዳወቅሁ ቆይቼ እነግራችኋለሁ።

ካሴቱን ይፈቱታል። በብየዳ ካውያቸው እያሞቁ ጨዋታውን የያዘውን ቺፕ ይነቅሉና በቦታው ራሳቸው የጻፉበትን ሌላ ቺፕ ይበይዳሉ። ይኸኛው ቺፕ ጀርባው ላይ የጥፍር ያህል መስታወት አለው፤ መስኮት ይሉታል። በዚያ መስኮት ፀሐይ ከገባች የተጻፈው ሁሉ ቀስ እያለ ይጠፋል። ስለዚህ አሮጌ ቺፕ ማጥፋት ሲፈልጉ እንደ እህል በረንዳ ላይ ያሰጡታል፤ አዲስ ከጻፉበት በኋላ ደግሞ መስኮቱን በጥቁር ፕላስተር ይሸፍኑታል።

እንዲህ ሆኖ የተወለደው የመጀመሪያው ካሴት ውሃ መፍላቱን የሚያበስር ነበር። ለዚህ አገልግሎት አንድ ኮምፒዩተር፣ አንድ ቴሌቪዥንና ሳሎኑን አቋርጦ ወጥ ቤት የሚገባ ሽቦ ተመደበ። ባለቤታቸው በሽቦው ተደናቅፈው ሲነሡ፣ "ውሃ እኮ ሲፈላ ራሱ ይናገራል" አሉ። ሁለተኛው የደረጃ መጥረጊያ ተራ የማን እንደሆነ የሚናገር ካሴት ነው። ሕንፃው ውስጥ ያለነው ስምንት ቤት ስንሆን፣ ተራችንን ለማወቅ እሳቸው ቤት ገብተን፣ ቴሌቪዥኑ እስኪሞቅ ጠብቀን፣ ሻይ ጠጥተን እንወጣለን። በዚያ ሁሉ ሰዓት ደረጃው አምስት ጊዜ በተጠረገ ነበር።

እኔ እስቅባቸው ነበር። አልዋሽም፣ በደንብ አድርጌ ነው የሳቅሁት።

ከዚያ እናቴ ታመመች። ለሞት የሚያሰጋ አልነበረም፤ ቀኝ እጇ ግን አልታዘዝ አላት። አርባ ዓመት በታይፒስትነት የኖረች ሴት ናት፤ ሳታይ ትጽፍ የነበረች ሴት የልብሷን ቁልፍ መቆለፍ አቃታት። የሕክምና ባለሙያዋ በየቀኑ ጣቶቿን ካላንቀሳቀሰች እጇ እንዲሁ እንደሚቀር ነግራን፣ የምትጨብጠው ኳስ ሰጠቻት። እናቴ ኳሱን ለሦስት ቀን ጨበጠችና ሶፋው ሥር ወረወረችው።

"ሕፃን ነኝ እንዴ ኳስ የምጨምቅ?"

ኳሱን ላወጣ ተንበርክኬ ሳለ ክቡርነታቸው ደርሰው ሁሉን ሰሙ። በሳምንቱ ከኮምፒዩተሮቻቸው አንዱን በብብታቸው፣ አንድ የእግር ኳስ ካሴት በእጃቸው ይዘው መጡ። ካሴቱ ክዳን አልነበረውም፤ ኮምፒዩተሩ እንዲቀበለው ብለው ክዳኑን ቆርጠው ጥለውታል። ይቅርታ፣ አልጣሉትም፤ የሳሙና ማስቀመጫ ሆኗል።

"እትዬ፣ ጨዋታ ነው" አሉ። "ፊደል ከላይ ይወርዳል። መሬት ሳይነካ እሱኑ ኪቦርዱ ላይ መምታት ነው።"

"በዚህ እጄ?"

"በሱ ነዋ። ቸኩሎ አይወርድም፣ አስተምሬዋለሁ።"

በመጀመሪያው ቀን ሦስት ፊደል መታች። በወሩ አሥራ ዘጠኝ። ቁጥሩን በየቀኑ ግድግዳው ላይ ባለው ካላንደር ራሷ ትጽፈዋለች፤ የመጀመሪያዎቹ ቁጥሮች ትል የሄደባቸው ይመስላሉ፣ ኋላ ኋላ እየተነበቡ መጡ። አርባ አንድ ስትደርስ ማንም ሳያግዛት የሹራቧን ቁልፎች ቆለፈች። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

ደስታዬ ቤት ማጽዳት አስጀመረኝ። መስኮቱ ሥር ያለውን ኮምፒዩተር ስወለውል ካሴቱ ላይ አቧራ የጠጣ፣ ጠርዙ የተገነጠለ ጥቁር ፕላስተር አየሁ። ላጥኩት። ከሥሩ የምታብረቀርቅ ትንሽ መስታወት ወጣች። አምሮበታል ብዬም ረካሁ። ቺፕ ምን እንደሆነ ከላይ የተረኩላችሁ ኋላ ተምሬ ነው እንጂ፣ ያኔ ክቡርነታቸው ሲያብራሩ የምነቀንቀው ቶሎ እንዲጨርሱ ነበር። ያላወቁ አለቁ።

ያ ሁሉ የበጋ ፀሐይ በመስኮቱ ገባ። በሁለተኛው ሳምንት ፊደሎቹ እየተቆራረጡ መውረድ ጀመሩ። በሦስተኛው ሳምንት አንድ ቀን ቴሌቪዥኑ ባዶ ሆነ።

እናቴ እጇን ጭኗ ላይ አስቀምጣ ተቀመጠች። "እኔ ነኝ የገደልኩት" አለች። "ይሄ እጅ ልኩን አያውቅም፣ ቀጥቅጬው ነው።" በማግስቱ ሹራቧን ሳትቆልፍ ዋለች። ካላንደሩም ባዶ ሆነ፣ አንድ ቀን፣ ሁለት ቀን፣ አምስት ቀን።

ክቡርነታቸው መጥተው ካሴቱን አገላበጡት። "ፕላስተሩን ማን ላጠው?"

ዓይኔን በጨው አጥቤ ዝም ልል ነበር። ግን እናቴ እጇን እያየች ነበር።

"እኔ ነኝ፣ ጋሼ። አስጠልቶኝ ነው።"

"አየሽ፣ እትዬ? እጅሽ ምንም አላደረገ። ያጠፋው የልጅሽ እጅ ነው።" አልተቆጡም። ይልቅ ወደ እኔ ዘወር አሉ። "ሌላ ቅጂ ግን የለውም። እንደገና መጻፍ አለበት፤ ጨዋታው በሙሉ ወረቀት ላይ በቁጥር ሰፍሯል። አንተ ታነባለህ፣ እኔ እመታለሁ።"

ሦስት ከሰዓት በኋላ ፈጀብን። እሳቸው ከሽቦና ከስልክ ዕቃ የሠሩት የቺፕ መጻፊያ ፊት ተቀምጠው፣ እኔ በእርሳስ የተደረደሩ ቁጥሮችን ከተተኮሱ ወረቀቶች ላይ ሳነብ። በሦስተኛው ቀን አንዱን ገጽ ጨርሼ ሳስቀምጠው ተገለበጠ። ጉድና ጅራት ከወደ ኋላ ነው። የራሴ እጅ ጽሑፍ ነበር።

"በእያንዳንዱ ሕንፃ ውስጥ የሞተ ዕቃ የማይቀብር አንድ ሰው አለ" ይላል።

ክው አልኩ። ወደ ገንዳው የወሰድኩት ያ ወረቀት ነው፤ በእሳቸው ላይ የጻፍኩት ሹፈት። እናቴ ከመታመሟ በፊት የጻፍኩትን አንብበውታል፤ አንብበው ሲያበቁ በጀርባው የእናቴን እጅ የሚያነሣ ጨዋታ ጽፈውበታል። እርማትም አለው። "ሰባት የኳስ ካሴት" ካልኩት ላይ ሰባትን ሰርዘው "አሥራ አራት" ብለዋል። "ቺፕ ይለጥፋሉ" ካልኩት ጎን "አይለጠፍም፣ ይበየዳል"። መጨረሻ ላይ፣ በጣም የኮራሁባት ዓረፍተ ነገር ነበረች፤ "እንዲህ ያለው ሰው ጎረቤት ሳይሆን መጋዘን ነው" የምትል። ከሥሯ በጥቃቅን ፊደል፦

"መጋዘን ይቆለፋል። የኔ በር ክፍት ነው።"

ምድር ብትውጠኝ በወደድኩ። ቀና ስል ጣታቸውን ቁልፉ ላይ አድርገው ይጠብቁኛል።

"ጋሼ፣ ይሄ ወረቀት..."

"ቀጥል እንጂ፣ እትዬ እየጠበቀች ነው። ቀጣዩ ስንት ነው?"

"ሁለት መቶ አራት" አልኩ።

ትናንት እናቴ ስድሳ ሦስት ፊደል መታች። ቁጥሩን ካላንደሩ ላይ የጻፈችበት እጅ የድሮው የታይፒስቷ እጅ ነው። በካሴቱ መስኮት ላይ አዲስ ፕላስተር አለ፤ የለጠፍኩት እኔ ነኝ፣ ሁለት ድርብ። ይህን ጽሑፍም እንደ እርማታቸው አስተካክዬ ጨርሻለሁ፤ መጋዘን የምትለዋን ሰርዣታለሁ። ረቂቁን ግን አልጨማደድኩትም። በአንድ ጎን ብቻ ጽፌ፣ ጀርባውን ንጹሕ አድርጌ፣ በተከፈተው በራቸው ገብቼ ጠረጴዛቸው ላይ አስቀምጬዋለሁ።