ማን ነካው የምትለዋ ዶክተራችን

ያን ዓመት ብርዱ ለጉድ ነበር። ጠዋት ጠዋት የቧንቧው ውኃ ጣት ይቆርጣል፤ የመሥሪያ ቤታችን መስኮት በትንፋሽ ይደበዝዛል፤ ሁላችንም ያለንን ልብስ ደራርበን፣ እንደ ተጠቀለለ ፍራሽ ተድበልብለን ነበር የምንገባው። ያ ብርድ ትዝ ሲለኝ አብራ ትዝ የምትለኝ እሷ ናት፤ ክብርት ዶክተር ማን-ነካው።

መቼም «ማን ነካው?» ባይ የሌለበት ቤት በዓለም ላይ የለም። መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰክቶ ቤቱን በሙሉ የሚያምስ አባወራ፣ መቀሷ አንድ ስንዝር ፈቀቅ ካለች ሠፈሩን የምትሰበስብ ልብስ ሰፊ፣ ሁላችሁም ታውቋቸዋላችሁ። የኛዋ ግን የሁሉም የበላይ ነበረች። በማዕረጓ «እርስዎ» ማለት ይገባኝ ነበር፤ በዕድሜ ልጄ ስለሆነች «እሷ» እያልኩ ልቀጥል።

እኔ እዚያ ላቦራቶሪ ጠርሙስ አጣቢ ነበርኩ። ትምህርቴ ከስድስተኛ ክፍል አላለፈም፤ ሥራዋን ግን ቁጭ ብላ አስረድታኛለች። ከአይጥ ፅንስ የተወሰዱ፣ ልብ ልሁን አጥንት ልሁን ገና ያልወሰኑ ሴሎች አሉ።

«የኔን ትንሹን ልጅ ነው የምታወሪው» አልኳት። «ሠላሳ ዓመቱ ነው፣ አልወሰነም።»

ሳቀችና ቀጠለች። እነዚህ ሴሎች ሌሎች ሴሎች እንደ ምንጣፍ ተነጥፈውላቸው ሲያድጉ ልጅነታቸው አይለቃቸውም። ምንጣፎቹ የሆነ ነገር ወደሚዋኙበት ፈሳሽ ይለቃሉ። «ፈሳሹ ውስጥ ያለውን ፕሮቲን አንድ በአንድ ለይቼ፣ ልጅ የሚያደርጋቸውን ማግኘት ነው ሥራዬ፣ እትዬ።» ስለዚህ ሌላው ሰው አገልግሏል ብሎ የሚደፋውን ፈሳሽ እሷ እንደ ሽቶ ትሰበስባለች።

ፕሮቲኑን የሚለየው ማሽን ደግሞ ልክ እንደ ባለቤቱ ነው፤ ምንም አያልፈውም። ከሰው እጅ የረገፈች የቆዳ ብናኝ ሳትቀር በሚያወጣው የፕሮቲን ዝርዝር ውስጥ ትገባለች። እንግዲህ ጉዳችን ፈላ። ጓንት ያለ ፈቃድ አይወለቅም። ኮሪደር ላይ ራስ ማከክ ክልክል ነው። አንድ ቀን የበር እጀታ ላይ የጣት አሻራ አይታ ኖሮ፣

«ማን ነካው?» አለች።

«ሰው ነዋ ዶክተር!» አለ ዘበኛው። «በር እኮ ነው!»

ብርዱ በበረታበት ሳምንት ዝርዝሩ ሲወጣ፣ ከላይ ጉብ ብሎ የተቀመጠው የበግ ፀጉር ፕሮቲን ነበር።

«በግ?» አለ ዘበኛው፣ ደረቱን ይዞ። «እንኳን በግ፣ ድመት አላስገባሁም!»

ነገሩ የሱፍ ልብስ ነው። ወዲያው አዋጅ ወጣ። የሱፍ ሹራብ፣ የሱፍ ካልሲ፣ የሱፍ ሻርፕ ሁሉ ዘበኛው ቤት እየተራገፈ ይቀመጥ ተባለ። እኔም ያቺን ወፍራም ሹራቤን አስረክቤ፣ ጥርሴን እያንቀጫቀጭኩ ጠርሙሴን ማጠብ ጀመርኩ። ወር አለፈ፤ በመሃሉ ልጄ ወልዳ አሥር ቀን ፈቃድ ወጥቼ ነበር። ዝርዝሩ እንደገና ወጣ፤ በጉ አሁንም አለ፣ እንዲያውም ብሷል።

በወሩ መጨረሻ የጥናቱ ገምጋሚዎች ይመጣሉ። ዝርዝሩ ካልጠራ ጥናቱ ሊቆም ነው። የጠርሙስ ትሪ ይዤ ሳልፍ አለቃችን በሩ ገርበብ እንዳለ ሲናገር ሰማሁት።

«ምን ያደክምሻል? ጠርሙሱን የምታጥበው ማን ናት? ያንን ሹራቧን አገር ያውቀዋል። ትነሳ፣ ምክንያቱ ተገኝቶ ተወገደ ብለሽ ጻፊ።»

ሃያ ሁለት ዓመት አንድ ጠርሙስ ሳላቆሽሽ! እሷ ትቆጣልኛለች ብዬ ጆሮዬን ጣልኩ። «አጣራለሁ» ብቻ ብላ ወጣች። አጣራለሁ! ይባስ ብላ ወደኔ መጥታ፣

«እትዬ፣ ልጅዎ የወለደች ጊዜ ፈቃድ የወጡት ከመቼ እስከ መቼ ነው?» አለችኝ።

«መዝገብ አለልሽ፣ እዚያ እዪ» አልኳት። ቀና ብዬም አላየኋት።

በማግስቱ ሁላችንንም ሰበሰበችን። ሰሌዳው ላይ ቀናቱን ደርድራ፣ «እትዬ ባልነበሩበት አሥር ቀን የሠራነው ከፋብሪካ ታሽጎ በመጣ አዲስ ዕቃ ነው» አለች። «አንድም እሳቸው ያጠቡት ጠርሙስ አልገባም። ሱፉ የባሰው ግን በነዚያው ቀናት ነው።»

«ታዲያ ማን ነካው?» አለ አለቃችን።

የጋወኗን ቁልፎች አንድ በአንድ ፈታች። ከስር እስከ አንገቷ የተቆለፈ ግራጫ የሱፍ ሹራብ!

«እኔ» አለች። «ስከለክል እናንተን ነው ያሰብኩት። እኔ ትዝ አላልኩም።»

ከዚያ ዘበኛው «በጓ ተገኘች!» ብሎ ፈነዳ፤ ቤቱ በሳቅ ተናወጠ። ያልሳቁት እሷና አለቃችን ብቻ ናቸው።

«ይህን ለገምጋሚዎቹ ልትጽፊ ነው?» አላት አለቃችን።

«ትናንት ጽፌዋለሁ።»

ጥናቱ ስድስት ወር ታገደ። ለሷ ታስቦ የነበረው የውጭ ሥልጠናም ለሌላ ሰው ተሰጠ። ሲፈቀድላት በክረምቱ ብርድ ከመጀመሪያው ጀመረች፤ የጥጥ ልብስ ደራርባ፣ ከንፈሯ ሰማያዊ ሆኖ። ዕረፍት ሰዓት ላይ ፍል ውኃ በጠርሙስ እየሞላሁ እጇን አሞቅላት ነበር። ጠርሙሱን ከመያዟ በፊት ማን እንደነካው ትጠይቀኝ ነበር፣ የተባረከች! በመጨረሻም ዝርዝሩ ጠራ፤ የምትጠረጥራቸውን ሦስት ፕሮቲኖች አክብባ አሳየችኝ። ስማቸውን ማንበብ አልቻልኩም፤ እልል ግን አልኩላት።

ሰዎች «አዳነችሽ» ይሉኛል። እኔ ግን አውቃታለሁ። ጥፋቱ የኔ ሆኖ ቢገኝ ኖሮ እዚያው ሰሌዳ ላይ፣ በዚያው ጠመኔ፣ ስሜን በትልቁ ትጽፈው ነበር። ይህን እያወቅኩ ነው የምወዳት።

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ አላየኋትም። ዘበኛው ባለፈው ዓመት እንደነገረኝ፣ በአውቶቡስ አምስት ሰዓት በሚያስኬድ ከተማ፣ አንድ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ ውስጥ ታስተምራለች። ክፍሏን ሳይቀር አጣርቻለሁ፤ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው፣ በስተግራ የመጨረሻው።