በአዋጅ የተሾመው ጠላት

ስሟን መጥራት ለተናጋሪውም ለአድማጩም የማይበጅ አንዲት አገር ነበረች። የዚያች አገር ሰዎች ከጸሎት ሁሉ አብልጠው የሚወዱት ጠላትን የሚያስቀስፈውን ነበርና፣ ዓርብ ዓርብ ተሰብስበው «አቤቱ ፍረድልን፤ ጠላታችንን አጥፋልን» እያሉ ዳዊት ሲደግሙ ዓይናቸው ሳያስቡት በመስኮቱ አሻግሮ ቤተ መንግሥቱን ያይ ነበር። ገዢያቸው ይህን በሰማ ጊዜ እህል አልወርድ አለው። ጸሎቱን መከልከል ኃጢአት፣ ዝም ማለትም አደጋ ሆነበት። በመጨረሻ ከመካሪዎቹ ጋር ሦስት ቀን መክሮ አዋጅ አወጣ፤ ከእንግዲህ ማንም ጠላቱን በልቡ እንዳይመርጥ፣ የአገሩ ጠላት አንድ ብቻ እንዲሆን፣ እርሱንም መንግሥት እንዲሾም።

ሹመቱ ልሳኑ ለሚባል ንብ አናቢ ደረሰው። ልሳኑ ከሚስቱ ከየሻረግ በቀር ዘመድ ስላልነበረው፣ ቢረገም የሚቆጣለት የለም ተብሎ ነው። የአዋጁ ሹም ደብዳቤውን ይዞ ቤቱ ድረስ መጣ።

«አቶ ልሳኑ፣ እንኳን ደስ አለዎ፤ የአገሩ ጠላት ሆነው ተሹመዋል።»

«ማንን በድዬ?»

«ማንንም አልበደሉም። አጣርተናል፤ ንጹሕ ነዎት። ለዚህ ሥራ የሚፈለገውም ንጹሕ ሰው ነው።»

ልሳኑ ጥቂት አሰበና «ዓርብ እኔም ጸሎት እሄዳለሁ። ያን ጊዜ ምን ልበል?» ሲል ጠየቀ።

«እንደማንኛውም ሰው ይረግማሉ።»

«ራሴን?»

«ጠላትን። ራስን መርገም ክልክል ነው።»

ልሳኑ ሕግ አክባሪ ነበርና ከሕዝቡ መካከል ቆሞ በራሱ ላይ እሳት ይለምን ጀመር። ድምፁ ዝቅ ሲል ጎረቤቶቹ «በርታ እንጂ» ይሉታል፤ ሲወጡም ስለ ጤናው ጠይቀውት ከእርሱ ማር ይገዛሉ። የሻረግ ግን በሴቶቹ በኩል ቆማ ከንፈሯን ብቻ እያንቀሳቀሰች «አጥፋልን፤ ግን ቀስ ብለህ» ትል ነበር።

በሁለተኛው ዓመት ክረምት መብረቅ ወርዶ የቤተ መንግሥቱን ጣሪያ ገመሰው። ሊቃውንቱም መርምረው፣ ጸሎቱ መሰማቱን፣ ፍርዱም መውረዱን፣ ነገር ግን ጠላት በቦታው አለመገኘቱን አረጋገጡ። ልሳኑ ተከሶ ችሎት ቀረበ።

«መብረቁ ሲወርድ የት ነበርህ?» አለው ዳኛው።

«ቤቴ ነበርሁ፣ ጌታዬ።»

«ስለምን ቤተ መንግሥት አልተገኘህም?»

«አልተጠራሁም።»

«ከሰማይ እየተጠራህ ሌላ ምን ጥሪ ፈለግህ?»

ዳግመኛ ፍርዱ እንዳይስት ልሳኑ ከነቀፎዎቹ በቤተ መንግሥቱ ግቢ እንዲኖር ተፈረደበት፤ የሻረግም ተከትላው ገባች። ከዚያ ወዲያ መብረቁ አንዱን ክረምት ጋጣውን፣ ሌላውን ክረምት የዙፋኑን አዳራሽ መታ። በመካከል ያለችው የልሳኑ ጎጆ ግን አልተነካችም፤ ንቦቹም በቤተ መንግሥቱ አበባ ረቡ። ገዢው አመዱ በተጠረገ ቁጥር ሰገነት ላይ ወጥቶ «የጠላታችንን ብርታት እዩ» ይላል፤ ሕዝቡም ጸሎቱን ያጠብቃል።

ገዢው በነገሠ በአርባኛው ዓመት፣ ልሳኑ ሰማንያ ስምንት ዓመት ሞልቶት፣ ምሳውን በልቶ ጋደም እንዳለ ሞተ። ጸሎት ሠመረ ተብሎ የሦስት ቀን ግብር ተበላ። ሰዉ ወደ የሻረግ ድንኳን እየገባ «እንኳን ደስ ያለሽ፤ ጠላታችን ወደቀልን» ይላትና አጠገቧ ተቀምጦ ከልቡ ያለቅሳል፤ ልሳኑ ደግ ሰው ነበርና።

በሁለተኛው ቀን የአዋጁ ሹም መጣ። የሻረግ ጠጋ ብላ ቦታ ለቀቀችለት።

«እናቴ፣» አላት ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ሹመቱ ያለ ሰው መዋል የለበትም። ሥራውን ደግሞ ከእርስዎ የተሻለ የሚያውቅ የለም።»

«ዓርብ መቼ ነው?»

«ነገ ነው።»

«እንግዲያውስ ዛሬን ባሌን አልቅሼ ልጨርስ» አለችው።

ሹሙም ፈቀደላት።